ከሞምባሳ እስከ ኪቡዩኒ፦ የኬንያን የባሕር ምርምር ጣቢያዎች ተከትሎ የተጻፈ የጉዞ ማስታወሻ

በዚህ መንገድ ቀን የምትቆርጠው ጨረቃ ናት። የኬንያ ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ልዩነት ሞምባሳ ላይ በአማካይ ከ3 ሜትር ያልፋል፣ ሲብስም ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። ግማሽ ስትሆን ግን ከ1 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ማንግሮቭ፣ ማለትም ባሕሩ በሚሞላበት ጭቃ ላይ የሚያድገው ዛፍ፣ ውስጥ ገብቶ የሚለካም ሆነ የባሕር አረም የሚያጭድ ሰው የሚሠራበት ጊዜ ውኃው ከሸሸበት ሰዓት ፊትና ኋላ ያለው ሁለት ሦስት ሰዓት ብቻ ነው። አዲሷ ጨረቃ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ስለዋለች የጉዞው መርሐ ግብር በዚያች ቀን ዙሪያ ተደለደለ። የጉዞው ቀናት በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ ጣቢያዎቹን ስለሚያስተዳድረው ኬምፍሪ ስለተባለው ተቋምና ስለ ኬንያ የሚጠቀሱት ዓመታት ግን እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

ሌላው የወቅቱ ጥቅም ነፋሱ ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ገደማ የሚነፍሰው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ፣ ካስካዚ፣ ባሕሩን ረጋ ያደርገዋል። ከሚያዝያ ጀምሮ የሚመጣው ኩሲ ደግሞ ትንንሽ ጀልባዎችን ከወደብ አያስወጣም፤ ባሕሩም ስለሚደፈርስ ወደ ታች የሚታይ ነገር የለም።

ሰኞ፣ ጥር 19 — ሞምባሳ፣ ምኮማኒ

ከአዲስ አበባ ሞምባሳ ቀጥታ በረራ አለ። ሻንጣ ሲዘጋጅ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ አይረሳ። የወባ መከላከያ መድኃኒትም ከመሄድ በፊት ተጀምሮ ከተመለሱ በኋላ እስከ መጨረሻው መዋጥ አለበት፤ ደጋ ያደገ ሰው የባሕር ዳርቻውን ወባ የሚቋቋምበት አቅም የለውም። ኬንያ ስስ የፕላስቲክ መያዣ ከረጢት ከነሐሴ 2017 (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ ስለከለከለች ጫማና እርጥብ ልብስ የሚጠቀለልበት ጨርቅ ይያዝ።

ገንዘቡን ማስላት በዚያ ሰሞን ቀላል ነበር። በባንክ ምንዛሪ ዶላሩ 129 ሺሊንግ ገደማ፣ በእኛም ከዚያ ብዙ ያልራቀ ስለነበር አንድ ሺሊንግ አንድ ብር እየተባለ ይታሰብ ነበር። ጥሬ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። የማታቱ (የሚኒባስ ታክሲ) ረዳት፣ ኮኮናት ሻጭ፣ ጀልባ ቀዛፊ፣ ሁሉም የሚቀበለው በኤምፔሳ ነው። ሲም ካርዱ በፓስፖርት ይወጣል፤ ቴሌብር የለመደ ሰው በአንድ ቀን ይለምደዋል።

የኬንያ የባሕርና የዓሣ ሀብት ምርምር ተቋም፣ ባጭሩ ኬምፍሪ፣ የተመሠረተው በ1979 ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ምኮማኒ በሚባለው ሰፈር፣ ከሞምባሳ ደሴት ድልድዩን ተሻግሮ፣ የቱዶር የባሕር ሰርጥ አፍ ላይ ነው። ማዶ አሮጌው ወደብና ጥንታዊው ከተማ ይታያሉ። ተቋሙ የባሕሩን ብቻ አይሠራም፤ ኪሱሙ ላይ የቪክቶሪያን ሐይቅ፣ በስተ ሰሜን ደግሞ የቱርካናን ሐይቅ የሚከታተሉ ጣቢያዎች አሉት። ለእኛ አንባቢ ይህ ሁለተኛው ክፍል ይቀርባል፤ ሰበታ ካለው የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ጋር የሚነጻጸረውም እሱ ነው። ልዩነቱ የሰበታው የሚሠራው በሐይቅና በወንዝ ላይ ብቻ መሆኑ ነው።

ቁርስ ከግቢው ውጭ ባለች ጠባብ ቤት ማሃምሪና ምባዚ ነው። ማሃምሪ የኛን ቦንቦሊኖ ይመስላል፣ ግን ውስጡ ባዶ ሆኖ ይነፋል፣ በኮኮናት ወተት ተቦክቶ ሄል ገብቶበታል። ምባዚ በኮኮናት የተቀቀለ የርግብ አተር ነው። ሁለት ማሃምሪ፣ አንድ ሳህን ምባዚና ሻይ 120 ሺሊንግ አወጣ።

ማክሰኞ፣ ጥር 20 — የውኃ ናሙና

ተቋሙ ትልቅ መርከብ አለው። ምታፊቲ ይባላል፤ 56 ሜትር ይረዝማል፤ ቀድሞ ዜሌው በሚል ስም በቤልጂየም ሲሠራ ቆይቶ ለኬንያ በስጦታ የተሰጠ ነው። ስለ ተቋሙ የሚወጣ ፎቶ ሁሉ የሚያሳየው እሱን ነው። የዕለት ተዕለቱ ሥራ ግን በመርከብ አይደለም፤ ለአንድ ጉዞ የሚፈልገው ነዳጅና የሰው ኃይል ከባድ ስለሆነ በዓመት የሚወጣባቸው ቀናት የተቆጠሩ ናቸው። ሰርጡንና የባሕር ዳርቻውን የሚለካው ሞተር የገጠመች የፋይበር ጀልባ ናት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጨዋማነትን፣ ሙቀትንና ጥልቀትን አንድ ላይ የሚመዘግበው መሣሪያ፣ ሲቲዲ የሚሉት፣ መጀመሪያ ከውኃው ወለል በታች ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቆያል። ጀልባዋ ላይ ፀሐይ ያሞቀው ዳሳሽ ወደ ውኃው ሙቀት እስኪመለስና በቱቦው ውስጥ ያለው አየር እስኪወጣ ነው። ይህን የዘለለ ሰው የላይኛው 5 ሜትር መረጃው ይበላሽበታል። ከዚያ እንደገና ወደ ላይ ተስቦ በሰከንድ ከ1 ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት ይወርዳል። የሚወሰደው የመውረጃው መረጃ ነው፤ ሲወጣ መሣሪያው ራሱ ውኃውን እያማሰለ ስለሚመጣ ንባቡ ይደባለቃል።

ውኃ የሚቀዳው ኒስኪን በሚሉት ሁለት በኩል ክፍት በሆነ ጠርሙስ ነው፤ የተፈለገው ጥልቀት ላይ ሲደርስ በገመዱ የሚላክ ትንሽ ብረት መትቶ ይዘጋዋል። ውኃው ጀልባ ላይ ሲደርስ ቅደም ተከተሉ አይቀየርም። በመጀመሪያ የኦክስጅን ናሙና ይቀዳል፣ ቀጥሎ የንጥረ ነገሮች፣ በመጨረሻ የጨዋማነት። የኦክስጅኑ ጠርሙስ ከሥሩ በጎማ ቱቦ ይሞላል፤ ከመጠኑ ሁለት ሦስት እጥፍ ውኃ እስኪፈስ ይተዋል፣ አንዲት የአየር ፊኛ እንኳ አይገባበትም። ማንጋኒዝና አልካላይን አዮዳይድ ተጨምሮ እዚያው ጀልባ ላይ ካልተያዘ ባሕር ዳር እስኪደርስ ድረስ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል።

አረንጓዴውን ቀለም፣ ክሎሮፊልን፣ ለመለካት ውኃው 0.7 ማይክሮሜትር በሆነ የብርጭቆ ማጣሪያ ያልፋል። ከኮራሉ ውጭ ያለው ጥርት ያለ ውኃ ከሆነ አንድ ሁለት ሊትር ያስፈልጋል፤ የሰርጡ ውኃ ግን ደለል ስላለው ማጣሪያው ቶሎ ይደፈናል፣ ግማሽ ሊትር እንኳ ይከብዳል። እዚህ ላይ የሚበዛው ስህተት ፓምፑን አጥብቆ መሳብ ነው፤ ሕዋሶቹ ይፈነዱና ቀለሙ ከውኃው ጋር ያልፋል። ማጣሪያው ታጥፎ በአሉሚኒየም ወረቀት ተጠቅልሎ ይቀዘቅዛል፤ በ90 በመቶ አሴቶን ጨለማና ቅዝቃዜ ውስጥ 24 ሰዓት ቆይቶ ይነበባል። መብራት የሚጠፋበት አገር ስለሆነ ማቀዝቀዣው ጄኔሬተር ላይ ተያይዟል። ሰበታም ሆነ ባሕር ዳር የሠራ ሰው ይህን ጭንቀት ያውቀዋል።

ከሰዓት በኋላ ስለ ሙላት መለኪያው። ከውኃው ወለል በላይ ተሰቅሎ በራዳር ርቀት የሚያነብ አለ፣ በቧንቧ ውስጥ የሚንሳፈፍ አለ። ሁለተኛው ቧንቧው ሥር ያለች ቀዳዳ በባሕር ተጣባቂ ዛጎሎች ትደፈንበታለች፤ ያኔ መስመሩ ይዘገይና ሙላቱ ከትክክለኛው ሰዓት ኋላ የመጣ ይመስላል። ስለዚህ ጠላቂ እየወረደ ይፍቃታል፣ ከአጠገቡ የቆመው ምልክት ያለበት እንጨትም በዓይን እየተነበበ ከመሣሪያው ጋር ይነጻጸራል። መለኪያው የቆመበት ግንብ ራሱ እየሰመጠ እንዳይሆን ዓለት ላይ ከተተከለ ቋሚ ነጥብ ጋር በየጊዜው ይስተካከላል። ይህ ካልተደረገ ባሕሩ ጨመረ የሚለው ወሬ ወደቡ ወረደ ማለት ሊሆን ይችላል።

ማታ አሮጌው ከተማ ውስጥ ቡና በነሐስ ማንቆርቆሪያ ይዞራል። ዝንጅብል አለው፣ ስኳር የለውም፤ ሲኒው ከእኛ ያነሰ ነው፣ 20 ሺሊንግ። ፍሬው ከመጠን በላይ ጠቁሮ የተቆላ ስለሆነ ለሐበሻ ምላስ ዝንጅብሉ ነው የሚያድነው።

ረቡዕ፣ ጥር 21 — ሊኮኒ፣ ጋዚ

ከሞምባሳ ደሴት ወደ ደቡብ ለመሄድ የሊኮኒ ጀልባ ላይ ይወጣል። እግረኛ አይከፍልም፣ መኪና ይከፍላል። ማዶ ላይ ወደ ምሳምብዌኒና ሉንጋ ሉንጋ የሚሄዱ ማታቱዎች ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ እስከ ጋዚ መገንጠያ እንደ ሰዓቱ ከ150 እስከ 250 ሺሊንግ ነበር። ጋዚ ከሞምባሳ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። መንገዱ እስከ ታንዛኒያ ድንበር አስፋልት ነው፤ ግራና ቀኙ ኮኮናትና ካሹ። በዚሁ አውራጃ የነበረው የታይታኒየም ማዕድን ቁፋሮ በታኅሣሥ 2024 ስላበቃ ከባድ መኪናው ቀንሷል ይላሉ ሾፌሮቹ።

ኡኩንዳ አልፎ ጎማ ፈነዳ፣ ትርፉም አየር አልነበረውም። ጎሚስታው 300 ሺሊንግ ተቀብሎ ጠገነው፤ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ሄደ። ሌላ ቦታ ቢሆን ቀላል ነገር ነው። እዚህ ግን ባሕሩ በጣም የሸሸው ከረፋዱ አራት ሰዓት አካባቢ ስለነበር ጋዚ ሲደረስ ውኃው ወደ ዛፎቹ ሥር ተመልሶ ነበር። የተያዘው የልኬት ሥራ በሙሉ ወደ ሐሙስ ተላለፈ። ጣቢያው ውስጥ የሚሠሩት ሰዎች በዚህ አይደነግጡም፤ የሥራ ሠንጠረዣቸው ላይ ለእንዲህ ያለው ቀን ትርፍ ቀን ይመደባል። የሙላቱ ሰዓት በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል፤ በአዲስ ጨረቃ ሰሞን ግን ከዚያ ያንሳል፣ ስለዚህ ሦስት አራት ቀን ተከታታይ የጠዋት ሥራ ይገኛል።

ሰዓት ላይ ሐበሻ የሚጠቀመው አንድ ነገር አለ። የታተመው የሙላት ሠንጠረዥ በ24 ሰዓት ይነበባል፤ ዓሣ አጥማጆቹ ግን ልክ እንደ እኛ ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሥተው ነው የሚቆጥሩት። አራት ሰዓት ላይ እንገናኝ ያለ ቀዛፊ የእኛን አራት ሰዓት ማለቱ ነው። አውሮፓዊ እንግዶች እዚህ ላይ ጀልባ ያመልጣቸዋል።

ጋዚ የሙስሊም መንደር ናት። ማደሪያው የመንደር ቤት ነበር፤ አልጋ ከአጎበር ጋር፣ ቁርስ ጨምሮ 1,500 ሺሊንግ። አስተናጋጇ እናት እንግዳ ብቻውን ሲበላ ማየት አይወዱም፤ በኮኮናት የተሠራ ሩዝና ታፊ የሚሉት ዓሣ በአንድ ትሪ ቀርቦ በእጅ ተበላ።

ሐሙስ፣ ጥር 22 — ጭቃው ውስጥ

የጋዚ ሰርጥ ማንግሮቭ 600 ሄክታር ገደማ ነው። በ1970ዎቹ ለፋብሪካ ማገዶ ብዙ ተጨፍጭፎበት ራቁቱን የቀረ ቦታ ነበረው። ከ1991 ጀምሮ በኬምፍሪው ተመራማሪ በጄምስ ካይሮ መሪነት የሙከራ ተከላ ተደረገበት። ዛሬ እነዚያ ተክሎች ደን ናቸው፤ ዋጋቸውም የተተከሉበት ቀን፣ ርቀታቸውና ዝርያቸው ተጽፎ መቀመጡ ላይ ነው።

ኬንያ ውስጥ ዘጠኝ የማንግሮቭ ዝርያ አለ፤ ሁሉም የየራሱ ከፍታ አለው። ባሕሩን ፊት ለፊት የሚጋፈጠው በስዋሂሊ ምሊላና የሚባለው ነው፤ ከኋላው ባለ ቅስት ሥሩ ምኮኮ፣ ከዚያ ምካንዳ፣ ወደ የብሱ ጨው የበዛበት ጠርዝ ላይ ምቹ። በጥቂት አሥር ሳንቲ ሜትር የከፍታ ልዩነት በወር ውስጥ ውኃ የሚያለብሰው ቀን ብዛት ይለወጣል። የብዙ የተከላ ዘመቻ ውድቀት ከዚህ ይመጣል፤ ምኮኮ ለመትከል ቀላል ስለሆነ ባሕሩ ጠርዝ ላይ፣ ምሊላና መቆም በነበረበት ቦታ ይተከላል፣ ማዕበሉ ነቅሎት ይሄዳል፣ ወይም ተጣባቂ ዛጎሎች ግንዱን ሸፍነው በክብደት ያጋድሙታል።

የምኮኮ አተካከል እንደሚከተለው ነው። ዘሩ ዛፉ ላይ እያለ በቅሎ እንደ ረጅም አረንጓዴ እንጨት ይንጠለጠላል። የበሰለው ከራሱ ላይ ቢጫ ቀለበት ያወጣል፣ ሲነኩትም ይወድቃል፤ ጎትቶ የተነቀለ ያልበሰለ ነው፣ አይበቅልም። በነፍሳት የተበሳው ይጣላል። ጥላ ውስጥ እርጥብ ጆንያ ለብሶ ጥቂት ቀን ይቆያል፤ ትንሽ የጠወለገውን ሸርጣን እንደ ትኩሱ አይወደውም። ሲተከል ሹሉ ጫፍ ወደ ታች ሆኖ ርዝመቱ አንድ ሦስተኛ ያህል ጭቃው ውስጥ ይገባል። ከዚያ ከጠለቀ ይበሰብሳል፣ ከዚያ ካነሰ ይንሳፈፋል። ርቀቱ 1 ሜትር በ1 ሜትር ከሆነ ለሄክታር 10,000 ዘር ይፈልጋል። ምሊላና በዚህ መንገድ አይሆንም፤ ፍሬው ውኃ ውስጥ በስብሶ ዘሩ ይታጠባል፣ ችግኝ ጣቢያ ላይ ይበቅላል። ጣቢያውም የሚሠራው ሙላቱ በሚደርስበት ቦታ ነው፤ ባሕሩ ራሱ ያጠጣዋል።

የእኛን አረንጓዴ አሻራ ያየ ሰው እዚህ የሚጠይቀው ጥያቄ ስንት ተተከለ የሚለው ነው። ጋዚ ላይ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ግን የተተከለው፣ በስድስት ወር የቆመውና በዓመት የቆመው ነው፤ ሦስቱ አኃዝ ጎን ለጎን። ይህን ዓይነት ሰሌዳ እኛም ዘንድ በየቀበሌው ማየት ደስ ባለን።

የደኑ ልኬት 10 ሜትር በ10 ሜትር በሆነ ቋሚ ቦታ ነው። ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ግንድ ሁሉ በ1.30 ሜትር ከፍታ ላይ ይለካል። ምኮኮ ቅስት ሥሩ ከዚያ በላይ ከወጣ ከመጨረሻው ሥር 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ተወጥቶ ይለካል፤ ይህን ያላወቀ አዲስ ለኪ ሥሩን ከግንዱ ጋር አጠቃልሎ ያከብደዋል። ግንዱ ቀጥ ያለ፣ መካከለኛና ጠማማ ተብሎ ይመደባል፤ ለቤት ሠሪ የሚሸጠው ቀጥ ያለው ነውና። ችግኞቹም በቁመት ሦስት ክፍል አላቸው፤ ከ40 ሳንቲ ሜትር በታች፣ ከ40 እስከ 150፣ ከ150 በላይ። የአሉሚኒየም ቁጥር በምስማር ሲመታ ምስማሩ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ወጣ ብሎ ይቀራል። እስከ ጭንቅላቱ ከገባ ዛፉ ሲወፍር ቁጥሩን ይውጠዋል፣ በአምስተኛው ዓመት የሚመጣ ሰው ዛፉን አያገኘውም። ጂፒኤስ ቅጠሉ ሥር ብዙ ሜትር ስለሚስት ማዕዘኖቹ በፕላስቲክ ቧንቧ ይቸከላሉ።

አፈሩ ከዛፉ ይልቅ ብዙ ካርቦን ይዟል። ግማሽ ክብ ቢላ ያለው መቅጃ እስከ 1 ሜትር ይገባና ከአራት ጥልቀት ናሙና ይወሰዳል። በ60 ዲግሪ ክብደቱ እስኪረጋ ይደርቃል፤ በ450 ዲግሪ 8 ሰዓት ተቃጥሎ የጠፋው ክብደት ይሰላል። ሙቀቱ በጣም ከበዛ የዛጎል ኖራም መበተን ስለሚጀምር የኦርጋኒክ ካርቦኑ ከእውነተኛው በላይ ይታያል። መቅጃው ሲገባ አፈሩ ከተጨፈለቀ ናሙናው ተጥሎ ከአጠገቡ ይደገማል።

ከዚሁ ጋር እስከ ጠንካራው መሬት የተመታ ብረት ላይ የሚገጠም ክንድ አለ። ዘጠኝ ቀጫጭን ዘንግ ወደ ጭቃው ያወርዳል፤ በአራት አቅጣጫ እየዞረ 36 ንባብ ይሰጣል። ጭቃው ከፍ አለ ወይስ ሰመጠ የሚለው በሚሊ ሜትር ይታወቃል። ዛፉ የተቆረጠበት ቦታ እንደሚሰምጥ ጋዚ ላይ በሙከራ የታየው በዚህ ነው፤ ሥሩ ሲሞት መሬቱን የሚይዘው የለም። ለኪው መቆሚያ ጣውላ ካላነጠፈ ግን የሚለካው የራሱን የእግር ኮቴ ይሆናል።

ቦት ጫማ አይጠቅምም፤ ጭቃው ይውጠዋል፣ እግሩ ባዶውን ይወጣል። የሚሻለው በቁርጭምጭሚት ላይ በገመድ የሚታሰር አሮጌ ሸራ ጫማ ነው። መውጫው ላይ የመንደሩ ሴቶች ማኅበር የሚያስተዳድረው በማንግሮቩ ውስጥ የሚያልፍ የእንጨት መተላለፊያ አለ፤ ለጎብኚ መግቢያ ይከፈላል፣ ምሳም ያበስላሉ።

አርብ፣ ጥር 23 — የካርቦኑ ሒሳብ

አርብ ከጸሎት በፊት ብዙ ዓሣ አጥማጅ ባሕር አይወርድም። ስለዚህ ቀኑ የወረቀት ሆነ።

ሚኮኮ ፓሞጃ የሚባለው የጋዚና የማኮንጌኒ መንደሮች ፕሮጀክት ከ2013 ጀምሮ የማንግሮቭ ካርቦን ክሬዲት፣ ማለትም ደኑ ከአየር ለሚይዘው ካርቦን የሚከፈልበትን ሰነድ፣ ይሸጣል። ጥበቃው 117 ሄክታር ነው፤ አብዛኛው የቆየ ደን፣ 10 ሄክታሩ የተተከለ። በዓመት ወደ 3,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቆጠርለታል። ኬምፍሪ ልኬቱን ይሠራል፤ ሽያጩ ስኮትላንድ በተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት በኩል ያልፋል፤ ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል የሚለውን መንደሮቹ በስብሰባ ይወስናሉ። የቧንቧ ውኃና የትምህርት ቤት መጻሕፍት ከዚህ የመጡ ናቸው። በ2017 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢኳተር ሽልማት አግኝቷል።

ገንዘቡ ግን ትንሽ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዓመት ከ12 እስከ 15 ሺህ ዶላር ገደማ። ለሁለት መንደር ሕዝብ ሲካፈል ማንንም አያበለጽግም። ፕሮጀክቱን ለማየት ከየአገሩ የሚመጣው ልዑክ የሚያወጣው የአውሮፕላን ትኬት አንዳንድ ዓመት ከዚህ ሳይበልጥ አይቀርም። የሚያስኬደው አነስተኛ መሆኑ ነው ባይ ነኝ። ወሰኑን ጠባቂ በእግሩ ዞሮ ያየዋል፣ የተቆረጠ ጉቶ ቢገኝ በዚያው ሳምንት ይታወቃል። ማንግሮቭ የከለከሉትን ሰው ማገዶ መስጠት ስለሚያስፈልግ በየብሱ ላይ ምቪንጄ የሚሉት ዛፍ ተተክሏል። ቤት ሠሪው እስከዛሬ የሚፈልገው ግን ቦሪቲውን፣ የማንግሮቩን ግንድ፣ ነው፤ ሃያ ሃያ እየታሰረ ኮርጃ ተብሎ ይሸጣል። ምቪንጄ ቀጥ ብሎ ቢያድግም ምስጥ ይበላዋል፣ ምኮኮን ግን ቶሎ አይደፍረውም።

ቅዳሜ፣ ጥር 24 — ኪቡዩኒ

ከጋዚ ወደ ሺሞኒ አቅጣጫ፣ አስፋልቱን ለቅቆ በኮረኮንች። ቦዳ ቦዳ ሞተር ብስክሌት 200 ሺሊንግ አስከፈለ፤ ከአራት ሰዓት በፊት መድረስ ነበረበት፣ ደረሰ።

ኪቡዩኒ ላይ ሴቶች ምዋኒ፣ የባሕር አረም፣ ያርሳሉ። ኬምፍሪ ዝርያውን እየሞከረ፣ ቦታውን እያስመረጠና እያሠለጠነ ያስፋፋው ሥራ ነው። እርሻው በሽሽት ጊዜ እንኳ ጉልበት የማያልፍ ውኃ ውስጥ ነው። ሁለት ካስማ ይመታል፣ በመካከላቸው 10 ሜትር ገመድ ይወጠራል፤ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ በሲባጎ ወደ 100 ግራም የሚመዝን ቅርንጫፍ ይታሰራል። ቋጠሮው ከጠበቀ ግንዱን ይቆርጠዋል፣ ከላላ ሞገድ ይወስደዋል። በ6 ሳምንት ይታጨዳል። በጣም ጤናማው ጫፍ ለዘር ተቆርጦ እዚያው ቀን ተመልሶ ይታሰራል።

የሚበላሽበት መንገድ ብዙ ነው። ውኃው ሲሞቅ ወይም ዝናብ ጨዋማነቱን ሲቀንሰው ቅርንጫፉ ይነጣና ይሰበራል። ኮቶኒ የሚሉት ዝርያ ዋጋው ይሻላል፣ ግን ሙቀት አይችልም፤ ስለዚህ የሚበዛው ስፒኖሰም ነው። ታፊ ዓሣ ይበላዋል፤ የባሕር ጃርትም እንዲሁ። ሲደርቅ ደግሞ አሸዋ ላይ ከተሰጣ አሸዋው ተጣብቆ ገዢ ዋጋ ይቀንሳል፤ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ይደርቃል። ዝናብ ከነካው ታጥቦ ይነጣል። ሰባት እስከ አሥር ኪሎ እርጥብ አንድ ኪሎ ደረቅ ይሰጣል፤ የደረቁ ኪሎ በ30 ሺሊንግ ገደማ ይሸጥ ነበር። አንድ ኪሎ ለማግኘት የተሸከሙትን እርጥብ ሸክም ያየ ሰው ዋጋው ያንሳል ማለቱ አይቀርም፤ ሴቶቹም ይሉታል። ከዚህ የተነሣ ሳሙና መሥራት ጀምረዋል፤ ከሳሙናው የሚገኘው ከጥሬው የተሻለ ነው።

እዚህ ውኃ ውስጥ በባዶ እግር መግባት ሞኝነት ነው። የባሕር ጃርት እሾህ ተሰብሮ ይቀራል፤ የአካባቢው ሰው የጥሬ ፓፓያ ወተት ይቀባዋል።

እሑድ፣ ጥር 25 — የዓሣ ማራገፊያው

ሺሞኒ ላይ ዋሻውንና የባርያ ንግዱን ታሪክ የሚያሳዩ አስጎብኚዎች አሉ። የምርምሩ ሥራ ያለው ግን ጀልባዎቹ የሚቆሙበት ነው። የማኅበሩ መዝጋቢ እያንዳንዱ ጀልባ ሲመጣ ስንት ሰዓት እንደወጣ፣ ስንት ሰው እንደያዘ፣ መሣሪያው ምን እንደሆነና ጠቅላላ ክብደቱን ይጽፋል። ከዚያ ናሙና ተለይቶ በዝርያ ይመደባል፤ ርዝመቱ በሰሌዳ ላይ ከአፍ ጫፍ እስከ ጅራት ይለካል። ቀላል ይመስላል። ችግሩ ትልልቁ ዓሣ መዝጋቢው ሳይደርስ ለነጋዴ መሸጡ ነው፤ መረጃው ላይ ዓሣው ሁሉ ያነሰ ይመስላል። ስለዚህ ሚዛኑ ከነጋዴው ፊት ይቀመጣል፣ ነጋዴውም ትክክለኛ ሚዛን ስለሚያገኝ ይስማማል።

ባሕር ዳርቻ የሚጎተት መረብና ውኃ ውስጥ ዓሣ የሚወጋ ጠመንጃ ከ2001 ጀምሮ ክልክል ናቸው። የተፈቀደው የቅርጫት ወጥመድ፣ ማሌማ፣ ማዕዘኑ ላይ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀጭን መውጫ ሲበጅለት ጫጩቱና ጠፍጣፋው ዓሣ ያመልጣል፣ ወፍራሙ ይቀራል። ዓሣ አጥማጁ መጀመሪያ ላይ የጠፋውን ይቆጥራል፤ የሚቀበለው የቀረው በኪሎ የሚያወጣው ዋጋ ከፍ ሲል ነው።

ሰኞ፣ ጥር 26 — ሞምባሳ፣ መመለሻ

ከመመለስ በፊት የቱርካናው ጉዳይ ተነሣ። ለሐይቁ ከሚገባው ውኃ እጅግ የሚበዛው ከኦሞ ነው፤ ዓሣው ድንበር አያውቅም፣ በእኛ በኩል ኦሞራቴ ላይ የሚያጠምደውም በኬንያ በኩል ካሎኮል ላይ የሚያጠምደውም ከአንድ ሐይቅ ነው። ሺሞኒ ላይ የሚሞላው ቅጽ፣ ሰዓት፣ ሰው፣ መሣሪያ፣ ክብደት፣ ርዝመት፣ በአማርኛና በዳሰነች ተዘጋጅቶ በእኛ በኩል ቢሞላ ተጨማሪ መርከብም ሆነ ቤተ ሙከራ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሚዛን፣ የመለኪያ ሰሌዳና ለመዝጋቢ የሚሆን የማያቋርጥ አበል ነው። የመጨረሻው ይከብዳል፤ በአብዛኛው የሚቋረጠውም እሱ ነው።

ናሙና ይዞ ለመውጣት የምርምር ፈቃድና የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት ያስፈልጋል፤ አየር ማረፊያ ላይ የሚለመን ነገር አይደለም፣ አስቀድሞ ያልጨረሰ ሰው ቁጥሩን ብቻ ይዞ ይመለስ። ዛጎልና የኮራል ስብርባሪም ያለ ፈቃድ ይወረሳል፣ ባሕር ዳር ላይ የተለቀመ ቢሆንም። የኪቡዩኒ ሳሙና ግን ያልፋል።